የእግዚአብሔር ምሪት ግራ ሲገባን፦ ጅማ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከቡና ነጋዴውም ከካምፓስ ተማሪውም ደጋግመን የምንሰማቸው ናቸው፣ ከቀላሎቹ ጀምረን ወደ ከባዶቹ እንሄዳለን።

ምሪት ምሪት ሲባል እሰማለሁ፣ ግን ምን ማለት ነው?

እግዚአብሔር ሕይወትህን ይዞ ይመራል ማለት ነው፣ የሚቀጥሉትን አምስት ዓመታት ቁጭ አድርጎ ያሳይሃል ማለት ግን አይደለም። እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን ምሪት ስንል የምንፈልገው ዋስትና ነው፣ "ይሄን ብመርጥ እንደማልከስር አረጋግጥልኝ" ነው ነገሩ። አብርሃም እንኳን የእምነት አባት የምንለው ሰውዬ ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ነው ከቤቱ የወጣው (ዕብራውያን 11፥8)። ቃል ኪዳን ይዟል፣ አድራሻ ግን አልያዘም።

መዝሙረኛው "ሕግህ ለእግሬ መብራት" ይላል (መዝሙር 119፥105)፣ ለእግሬ ነው ያለው። መብራት ጠፍቶ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ በስልክ ባትሪ ወደ ቤቱ የገባ ሰው ይሄን ያውቃል፣ ጭቃውና ቦዩ ይታይሃል እንጂ ሰፈሩ አይታይህም፣ ግን ትደርሳለህ።

በእግዚአብሔር መታመን ማለት ማቀድ መተው ነው እንዴ?

ኧረ አይደለም። ነህምያ ጠላት ሲዝትበት ጸለየም ጠባቂም አቆመ፣ ሁለቱም አንድ ቁጥር ላይ ናቸው (ነህምያ 4፥9)። ያዕቆብም እዚህ ከተማ ሄደን እንነግዳለን እናተርፋለን የሚሉትን ሰዎች የሚወቅሳቸው ስላቀዱ ሳይሆን "ጌታ ቢፈቅድ" የምትለዋን ስለዘለሏት ነው (ያዕቆብ 4፥13-15)።

እኛ ጋ ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከቡና ጋር ነው የሚመጣው። ለቀማው ታህሳስ አካባቢ ያልቃል፣ ጀንፈሉ (ከነቅርፊቱ ያለው ቡና) ደርቆ ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርድሯል፣ አሁን ልሽጥ ወይስ ዋጋ እስኪጨምር ልያዘው? በተለይ ሐምሌ 22 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የነገን ዋጋ መገመት የባሰ ከብዷል። እንግዲህ እግዚአብሔር የጀንፈል ዋጋ በጆሮዬ ይነግረኛል ብለህ አትጠብቅ። ለለቃሚ ያለብህን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት፣ የቤቱን ቀለብ የሚሸፍን ያህል ሽጥ፣ የቀረውን እርጥበት እንዳይነካው ከወለሉ ከፍ አድርገህ በእንጨት ላይ ደርድረው፣ ከዛ ቢወጣም ቢወርድም ተኛ። "ጌታ ይጨምራል ብሎኛል" ብሎ የሰው ብር በወለድ ተበድሮ ጀንፈል የሚያከማች ሰው ግን፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እሱ ቁማር ነው የያዘው፣ ስሙን ብቻ ነው የቀየረው።

እግዚአብሔር ዛሬ ሰው የሚመራው በምን በምን ነው?

ከሁሉ በፊት በቃሉ። ግማሹ ጥያቄያችን እኮ እዛው ያልቃል፣ ጉቦ ሰጥቼ ስራ ልግባ ወይ ብሎ ሶስት ቀን የሚጾም ሰው አለ፣ ጾሙን ምን አመጣው፣ መልሱ ከተጻፈ ስንት ዘመኑ። ቃሉ በቀጥታ በማይመልሰው ጉዳይ (የትኛው ዲፓርትመንት፣ የትኛው ከተማ፣ የትኛው ስራ) ደሞ ጥበብን እንለምናለን፣ ያዕቆብ 1፥5 ላይ ጥበብ የጎደለው ይለምን ነው የሚለው፣ ራእይ የጎደለው አይልም።

ከዛ ምክር አለ። "ምክር ከሌለ ዘንድ የታሰበው ሳይሳካ ይቀራል" አይነት ነገር ምሳሌ 15፥22 ላይ ታገኛለህ፣ በመካሮች ብዛት ግን ይጸናል ይላል። ኦርቶዶክሱ ወደ ንስሐ አባቱ ይሄዳል፣ ፕሮቴስታንቱ ወደ መጋቢው ወይ ወደ ሽማግሌ፣ ዋናው ነገር "አይሆንም" ሊልህ የሚችል ሰው ጋ መሄድህ ነው። ሁሌ አዎ የሚልህን ጓደኛህን መርጠህ አማከርኩ ብትል ራስህን ነው ያማከርከው። አቅምህ፣ ጤናህ፣ ያለህ ገንዘብ፣ የምትወደው ነገርም ከምሪት ውጪ አይደሉም፣ የሰጠህ እሱ ነዋ።

ጸለይኩ፣ ጾምኩ፣ ምንም አልሰማሁም። ቀነ ገደቡ ደሞ ሰኞ ነው። ምን ላድርግ?

ሰኞ ከመድረሱ በፊት ወስን። ይሄን ስንል የሚደነግጥ ሰው አለ፣ ግን የሐዋርያት ሥራ 15 ላይ ኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያት ስንት ተከራክረው ደብዳቤ ሲጽፉ "ለመንፈስ ቅዱስና ለእኛ" ደስ ብሎናል ነው ያሉት። ለእኛ የምትለዋ አለችበት። አስቡበት፣ ተነጋገሩ፣ ወሰኑ። ድምፅ መጣ የሚል ነገር የለውም እዛ ጋ።

አስቴርን ደሞ እይ። በመጽሐፈ አስቴር በዕብራይስጡ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድም ጊዜ አልተጠራም፣ ህልም የለም፣ መልአክ የለም፣ ጾመች፣ "ብጠፋም እጠፋለሁ" ብላ ወደ ንጉሡ ገባች (4፥16)። እንደሚሳካ ማንም አልነገራትም። ዝም ማለቱ ሁልጊዜ "ተው" ማለት አይደለም፣ አንዳንዴ ሁለቱም መንገድ ጥሩ ስለሆነ ምርጫውን ለአንተ ትቶት ነው። ልጁን ካሳደገ በኋላም ሸሚዙን የሚመርጥለት አባት የለም።

ጸሎቱን አቁም እያልን አይደለም ደሞ። ወስነህም ጸልይ፣ ፎርሙን ሞልተህም ጸልይ።

መጠራጠሬ እምነት የለኝም ማለት ነው?

የታመመ ልጁን ይዞ የመጣው አባት "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" ነው ያለው (ማርቆስ 9፥24)። ኢየሱስም መጀመሪያ ጥርጣሬህን ጨርሰህ ና አላለውም፣ ልጁን ፈወሰለት። በቃ።

ቤተሰቦቼ ሙስሊም ናቸው፣ አንድ ነገር ሲያስጨንቃቸው ኢስቲኻራ ይሰግዳሉ። የእኛ ከሱ በምን ይለያል?

ጅማ ላይ ይሄ ጥያቄ መምጣቱ አይገርምም፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። ኢስቲኻራ ሁለት ረከዓ ሰግዶ በተለየ ዱዓ መልካሙን ምረጥልኝ፣ መጥፎ ከሆነ ከኔ አርቀው ብሎ አላህን መለመን ነው። የሚገርመው ነገር እነሱም ጋ ሰው ከሰገደ በኋላ ህልም ይጠብቃል፣ ዑለማዎቻቸውም ህልም ማየት ግዴታ አይደለም ብለው ሁሌ ማስረዳት አለባቸው። ችግራችን ይመሳሰላል ማለት ነው።

ልዩነቱ የእምነቱ መሠረት ላይ ነው፣ እኛ በክርስቶስ በኩል እንደ ልጅ ወደ አባት እንቀርባለን፣ መንፈስ ቅዱስ በውስጣችን ሆኖ ይመራናል ብለን እናምናለን። አባትህ ጋ ግን ይሄን ለክርክር አታውጣው። ለአንተ ጉዳይ ሲጨነቅ ቁጭ ብለህ ምክሩን ስማ፣ ቡናውንም ትዳሩንም ከአንተ በላይ ያውቀዋል።

ውስጤ ሰላም ካለው ከእግዚአብሔር ነው፣ ከፈራሁ ደሞ አይደለም፣ ትክክል ነው?

ሁልጊዜ አይደለም፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚስትበት ቦታ ነው። ዮናስ ከእግዚአብሔር ሲሸሽ መርከቡ ታች ገብቶ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር (ዮናስ 1፥5)። ኢየሱስ ደሞ ፍጹም በአባቱ ፈቃድ ውስጥ ሆኖ በጌቴሴማኒ ላቡ እንደ ደም ወረደ። በስሜት ከለካነው ዮናስ ነበር ትክክለኛው።

ሰላም ቀላል ነገር ነው አላልንም፣ ለረጅም ጊዜ ጸልየህ፣ መክረህ፣ ነገሩን አገላብጠህ የሚመጣ እርጋታ አለ፣ እሱን አክብረው። ግን ጭንቀት ከመጠን በላይ የሆነበት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ልቡ ያለ ምክንያት የሚመታ ሰው ስሜቱን እንደ ምሪት ሊያነበው አይገባም፣ እንደዛ አይነት ሰው ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው፣ መንፈሳዊ ድክመት አይደለም።

በር ከተከፈተ የእሱ ፈቃድ ነው፣ ከተዘጋ አይደለም ይባላል። እውነት ነው?

ዮናስን እዚህም አንለቀውም። ኢዮጴ ወደብ ሲደርስ ወደ ተርሴስ የሚሄድ መርከብ ተዘጋጅቶ አገኘ፣ የመሳፈሪያውም ገንዘብ ነበረው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ግን መንገዱ የሽሽት ነው።

የተዘጋ በርን በተመለከተ ደሞ ከሀገራችን ታሪክ አንድ ሰው እናንሳ። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ የኦሮሞ ልጅ ነው። ወደ ወገኖቹ ሀገር ወንጌል ይዞ ለመግባት በ1880ዎቹ (በፈረንጅ) በሱዳን በኩል ሞከረ፣ አልተሳካም፣ ሕመሙ አለ፣ ጦርነቱ አለ፣ ተመለሰ። በሩ ተዘጋ ብሎ ይተወው ነበር። እሱ ግን ምጽዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ መተርጎም ጀመረ፣ አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ደሞ በቃላት አሰባሰቡ ብዙ ረዳችው። አዲስ ኪዳኑ በ1893 ወጣ፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899። ወደ ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። ዛሬ ጅማ ዙሪያ በአፋን ኦሮሞ የሚሰብክ ሰው ያ በር የተዘጋባቸው ዓመታት ውለታ አለበት። ስለዚህ የተዘጋ በር ሲገጥምህ "አይደለም" ነው ወይስ "ገና ነው" ወይስ "በሌላ በኩል ና" ነው የሚለውን በአንድ ቀን አትወስነውም።

ምልክት መጠየቅ፣ ዕጣ መጣል፣ መጽሐፍ ቅዱስን ዓይን ጨፍኖ ገልጦ ማንበብ ይቻላል?

ጌዴዎን የበግ ፀጉሩን ሲዘረጋ (መሳፍንት 6) ምን ማድረግ እንዳለበት ቀድሞ ተነግሮት ነበር፣ ምልክቱን የጠየቀው ስለፈራ ነው፣ እግዚአብሔርም ታገሠው። ከፍርሃት የመጣ ጥያቄ ነውና ለሁላችንም እንደ ደንብ ባይወሰድ ይሻላል። በማትያስ ላይ ዕጣ የተጣለውም ሁለቱ ዕጩዎች በመስፈርት ከተለዩ በኋላ ነው፣ መንፈስ ቅዱስ ከወረደ በኋላ ደሞ ሐዋርያት ዕጣ ሲጥሉ አናነብም።

ዓይን ጨፍኖ መግለጡ ይቅር። "ይሁዳ ሄዶ ታነቀ" የሚለው ላይ ጣትህ ቢያርፍስ?

ህልም አየሁ፣ ምን ይሁን?

እግዚአብሔር በህልም ይናገራል፣ ዮሴፍ አለ፣ ዳንኤል አለ። ግን ቀን ሙሉ ስታስበው የዋልከው ነገር ማታ ቢመጣብህ አይግረምህ። ጻፈው፣ ለአንድ የበሰለ ሰው ንገረው፣ ከቃሉ ጋር ከተጋጨ ጣለው፣ ካልተጋጨም ህልሙን ብቻ ይዘህ ስራ አትልቀቅ።

"ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ" የሚለውን ቃል ይዤ ፈተና ገባሁ፣ ወደቅሁ። ቃሉ ዋሸኝ?

ቃሉ አልዋሸም፣ ግማሹን ነው የሰጡህ። ኤርምያስ 29 ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ቁጥር 11 ላይ "የሰላም አሳብ ነው እንጂ" ይላል፣ ቁጥር 10 ላይ ግን ሰባ ዓመት ይላል። ደብዳቤውን ያነበበው ሽማግሌ መመለሱን በዓይኑ እንደማያየው ገብቶታል ማለት ነው። እስከዛው ምን አድርጉ ተባሉ? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ አግቡ፣ ለምትኖሩበት ከተማ ሰላም ጸልዩ (ቁጥር 5-7)።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ከመጣ ወዲህ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢም ሆነ ዋናው ግቢ ይሄን ጥያቄ የሚጠይቅ ተማሪ አይጠፋም፣ አራት አምስት ዓመት ተምሮ በአንድ ቀን ፈተና ዲግሪው ሲያዝ ያማል፣ የሚያሳፍርም ይመስላል። ግን ድጋሚ መፈተን ይቻላል። የጎደለህን ትምህርት ለይ፣ የጥናት ቡድን ግባ፣ እስከዛ ደሞ ያገኘኸውን ስራ ስራ፣ የኤርምያስ ቤት ሥሩ አትክልት ትከሉ እሱ ነው።

ዐረብ ሀገር ልሂድ ወይስ ልቅር? እናቴ ሂጂ ትላለች፣ እኔ ፈርቻለሁ።

እህቴ፣ ይሄን "ሂጂ" ወይም "ቅሪ" ብሎ የሚመልስልሽ ሰው ካገኘሽ ጠርጥሪው። መጀመሪያ ፍርሃትሽን እንየው፣ አንዳንዱ ፍርሃት ማስተዋል ነው። የሚልክሽ ሕጋዊ ኤጀንሲ ነው ወይስ ሰፈር ውስጥ የሚዞር ደላላ? ውሉን በምትረጂው ቋንቋ አንብበሽዋል? ደሞዙ፣ የእረፍት ቀኑ፣ የአሠሪው ስም ተጽፎበታል? በሱዳን ወይም በጅቡቲና በየመን አርገን እናስገባሻለን ካሉሽ ጸሎት እንኳን አያስፈልገውም፣ አይሆንም።

ሁለተኛ ደሞ ከእናትሽ ጋር አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ጻፉት፣ ብሩ ለምን ነው የሚፈለገው? ለወንድም ትምህርት ከሆነ ስንት ነው፣ ዕዳ ከሆነ ስንት ነው። ብዙ ጊዜ ሲጻፍ ሌላ መንገድ ይታያል፣ አንዳንዴ ደሞ አይታይም፣ እሱንም አውቀሽ ትሄጃለሽ። እግዚአብሔር አጋርን በምድረ በዳ አይቷታል፣ እሷም "የምታየኝ" ብላ ነው የጠራችው፣ ሪያድም ቤይሩትም ያያል። ግን ያያል ብሎ ውል ሳያነቡ መፈረም ሌላ ነው።

አንድ ወንድም "ጌታ አንቺ ሚስቴ እንደሆንሽ አሳየኝ" አለኝ። እምቢ ብል እግዚአብሔርን እምቢ ማለት ነው?

አይደለም። ጌታ ለሱ ካሳየው ላንቺም ማሳየት አያቅተውም። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥39 ላይ ስለ መበለቶች ሲጽፍ የወደደችውን ልታገባ ነፃነት አላት ነው የሚለው፣ በጌታ ይሁን እንጂ። የወደደችውን! ካልወደድሽው ጨዋ በሆነ ቋንቋ አይሆንም በይው፣ ደጋግሞ በጌታ ስም ካስጨነቀሽ ለመሪዎች ንገሪ። በነገራችን ላይ ይሄን የሚሉት ሁልጊዜ ለቆንጆ እህት ነው።

ነቢይ የሆነ ሰው ስለኔ ተነበየ፣ ለመፈጸሙ ዘር ዝራ (ገንዘብ ስጥ) አለኝ። ልመን?

ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ፈትኑ፣ መልካሙን ያዙ፣ ሶስቱም አንድ ላይ ነው የተጻፉት (1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20-21)። እኛ ጋ መሃሉ ነው የሚዘለለው። ቴሌብር ቁጥር ሰጥቶ ከዛ የሚተነብይ፣ ለማንም አትንገር የሚል፣ ከቤተሰብህ የሚለይህ፣ ሳይፈጸም ሲቀር እምነትህ ጎድሎ ነው የሚልህ ከሆነ ፈተናውን ወድቋል።

1ኛ ነገሥት 13ን አንብበው፣ ከባድ ምዕራፍ ነው። ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰው እዛ አገር እንጀራ አትብላ ውኃም አትጠጣ ተብሎ በግልጽ ታዟል፣ አንድ ሽማግሌ ነቢይ መጥቶ "መልአክ ነገረኝ፣ ና ብላ" አለው፣ ዋሸው፣ በላ፣ በመንገድ አንበሳ ገደለው። ለራስህ የተነገረህን ግልጽ ነገር ማንም በማዕረጉ አያስለቅቅህ። ሐናንያም በኤርምያስ ዘመን በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉ ይመለሳል ብሎ ሕዝቡን አስደስቶ ነበር (ኤርምያስ 28)፣ ሰባ ዓመት ያለው ኤርምያስ ግን እስር ቤት ነው የገባው። የሚጣፍጠው ትንቢት ሁሌ ብዙ አዳማጭ አለው።

ጸልዬ፣ መክሬ ወሰንኩ፣ ሁሉም ነገር ተበላሸ። ምሪቱን ስቼ ነው?

ምናልባት፣ ግን ውጤቱ ብቻውን አይነግርህም። ጳውሎስ እስያ ተከለከለ፣ ቢታንያ ተከለከለ፣ ከዛ በራእይ የመቄዶንያ ሰው ጠራው። ከዚህ በላይ ግልጽ ምሪት ከየት ይመጣል? ፊልጵስዩስ ገብቶ ግን በበትር ተደብድቦ እግሩ በግንድ ተጠርቆ ወህኒ አደረ (ሐዋርያት ሥራ 16)። ቄስ ጉዲና ቱምሳም የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሳሉ በደርግ ዘመን ከሀገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሕዝቤን ትቼ አልሄድም አሉ፣ በሐምሌ 1971 ታፍነው ተገደሉ። ተሳስተው ነው የሚል ደፋር አላየንም።

የከሰረ ሱቅን ከሰማዕትነት ጋር እያነጻጸርን አይደለም። ሱቁ የከሰረው ቦታው ስለማያስኬድ ወይም ሂሳብ ስላልተያዘ ከሆነ እሱን አምነህ አስተካክል፣ ሁሉንም በሰይጣን ላይ ማላከክ ደሞ ከትምህርቱ ያስቀርሃል። በዚህ መሃል "ለበጎ ነው" የሚልህን ሰው መመለስ የለብህም። ማልቀስ ካለብህ አልቅስ፣ ከመዝሙረ ዳዊት ስንቱ ለቅሶ ነው።

መድኃኒት እወስዳለሁ። "ተፈውሰሻል፣ አቁሚ፣ ካላቆምሽ አላመንሽም" ተባልኩ። እምነቴን ላሳይ?

አታቁሚ። ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ አሥራ አምስት ዓመት ተጨምሮልሃል የሚል ቃል ከእግዚአብሔር አምጥቶለት ሲያበቃ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ አድርጉ ብሏል (ኢሳይያስ 38፥21)። ተስፋውም መድኃኒቱም ከአንድ ነቢይ አፍ ነው የወጡት። ኢየሱስም የለምጽ በሽተኛውን ከፈወሰ በኋላ ሄደህ ለካህን ራስህን አሳይ ነው ያለው፣ ያኔ መርማሪው ካህኑ ነበር። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አይፈራም።

በተለይ የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በይ፣ "ቫይረሱ በደምሽ ውስጥ አልታየም" የሚል ውጤት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው፣ ቫይረሱ ጠፍቷል ማለት አይደለም፣ ስታቆሚ ይመለሳል። ይሄን ወረቀት መድረክ ላይ እያውለበለቡ ምስክርነት የሚያሠሩ አሉ። የቲቢ መድኃኒትም ለተለመደው ቲቢ ስድስት ወር ነው፣ በሁለተኛው ወር ሳሉ ቀለለን ብለው ያቆሙ ሰዎች መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዘው ተመልሰዋል፣ የኢንሱሊንን ነገርማ በቀናት ውስጥ ነው የምታዪው። ቀድመሽ ካቋረጥሽ ዛሬውኑ ወደምትከታተዪበት ክሊኒክ ሂጂ፣ ይቆጡኛል ብለሽ አትቅሪ፣ ያቋረጠ ሰው መልሶ ማስጀመር የየቀን ስራቸው ነው። ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ከቤተ ክርስቲያን የምታምኛትን አንድ እህት ይዘሽ ሂጂ፣ ካርድሽንና የቀረሽን ኪኒን ይዘሽ።